ጀማሪ ድምፃዊ የራሱን የአዘፋፈን ስልት እንዴት ያገኛል?

ብዙ ጀማሪ ድምፃውያን የሚለማመዱት የጥላሁን ገሠሠን ወይም የአስቴር አወቀን ሥራዎች አስመስለው በመዝፈን ነው። ይህ ጆሮን ለማሠልጠን መልካም መነሻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዜማው አልፎ የድምፁን ከፍታም እንዳለ ለመቅዳት ሲሞከር ነው።

ድምፅ የሚፈጠረው ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ሲያርገበግባቸው ነው። የአውታሮቹ ርዝመትና ውፍረት ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለአንዱ የሚመቸው ከፍታ የሌላውን ጉሮሮ ያስጨንቃል። መፍትሔው ዜማውን ሳይለውጡ መነሻ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚለዩት በ5 ድምፆቻቸው መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ርቀቱ እስከተጠበቀ ድረስ ከየትኛውም ከፍታ ቢጀመሩ ቅኝቱ አይፈርስም። ክራር ደርዳሪም መሣሪያውን የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ አንድን ዘፈን ያለ ሙዚቃ አጃቢ ዘፍኖ በስልክ መቅዳት ነው። ሰው ሲዘፍን የራሱን ድምፅ በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማ ቅጂው እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ሌሎች የሚሰሙት ግን ለቅጂው የቀረበውን ነው። በቅጂው ከቅኝቱ የወጣው ይታረማል። የቃላት አጣጣል፣ የትንፋሽ አወሳሰድና የድምፅ አረጋገብ ልዩነት ግን ስህተት ሳይሆን የራስ ስልት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ጉሮሮ ሲያም መዝፈን ማቆም ይገባል። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር ደግሞ በሐኪም መታየት አለበት።