የጎሬ አሮጌ መንገድና የቤቶቿ ታሪክ

ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በብራናና በወረቀት ሳይጻፍ የቀረውን ነገር ድንጋይና እንጨት ይዘውት ይገኛሉ። የመሠረት ድንጋይ፥ የበረንዳ ምሰሶ፥ ዝናብ ያዛገው ቆርቆሮ፥ አስተውሎ ለሚመለከታቸው ሰው ሁሉም አንደበት አላቸው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኢሉባቦር ከተሞች፥ ይልቁንም ስለ ጎሬ አሮጌ መንገድና ስለ ቤቶቿ ጥቂት ቃል መጻፍ ተገቢ ሆኖ ታይቶናል። አባቶቻችን የሠሩትን ካላወቅን የምናፈርሰውም ምን እንደ ሆነ አናውቅምና።

የሀገሩ ስም የኦሮሞ ስም ነው። በኦሮሞ ልማድ ታላቅ ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ተብሎ ይጠራል፤ ኢሉ አባ ቦራ የሚለውም ስያሜ ይህንኑ ልማድ የተከተለ ነው። እንግዲህ ስለ ጎሬ ቤቶች የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ከሸዋ ሠራዊት መምጣት በፊት ሀገሩ ባለቤት፥ መሬቱም አራሽ፥ ጫካውም ቡና ለቃሚ የነበረው መሆኑ ነው። ከተማይቱ ባዶ መሬት ላይ አልተቆረቈረችም።

ጎሬን የሠራዊት ሰፈርና የግዛት መቀመጫ ያደረጓት ተሰማ ናደው ናቸው። በ1889 ዓ.ም. ቡላቶቪች የተባለው የሩስያ መኰንን ወደ ባሮ ወንዝ ሲጓዝ ጎሬ ደርሶ፥ በዚያን ጊዜ ደጃዝማች ከነበሩት ከተሰማ ጋር ተገናኝቶ ነበር። በ1890 ዓ.ም. የተሰማ ጭፍራ በባሮና በሶባት ሸለቆ ወርዶ እስከ ነጭ አባይ ዳር ደረሰ። ከዚያም ተሰማ የራስነት ማዕርግ አገኙ፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕመም ጊዜ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው ሳሉ በሚያዝያ ወር 1903 ዓ.ም. ዐረፉ።

የዚያን ዘመን መኳንንት ሰፈር የሚመርጡት ከፍ ካለ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ጠላት ከሩቅ እንዲታይ፥ የግቢውም ክብር እንዲገለጥ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ የምትገኘውም ስለዚህ ነው። ግቢው ከተተከለ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ በኋላ የመኳንንቱ ሰፈር፥ ከዚያም ገበያው ይከተላል። መንገድም የሚወለደው ከግቢና ከገበያ መካከል ነው። ይህ ሁሉ ግን በገባር ድካም የተሠራ እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። ድንጋዩን የተሸከመ፥ እንጨቱን ከጫካ የጎተተ፥ ሣሩን ያጨደ ሰው ስሙ በምንም ምሰሶ ላይ አልተቀረጸም። ቤቶቹ የባለቤቶቹን ያህል የእነዚያም ሰዎች መታሰቢያ ናቸው።

የጎሬ መንገድ ወደ ምዕራብ ያዘነበለበት ምክንያት ደግሞ ወንዝ ነው። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ቦታው ለንግድ እንጂ ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውል በውሉ ተከልክሎ ነበር። የጋምቤላ ጣቢያ በ1896 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከካርቱም ተነሥቶ ከ1,300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የውሃ መንገድ የሚጓዘው መርከብ በክረምት ጋምቤላ ይደርስ ጀመር።

በክረምት ብቻ የሚለውን ቃል አንባቢ ያስተውል፤ የጎሬን ቤቶች መልክ የወሰነው እርሱ ነውና። ባሮ መርከብ ሊሸከም የሚችለው በዝናቡ ወራት ውሃው ሲሞላ ነው፤ በበጋ ግን ውሃው ስለሚጎድል መርከቡ አይደርስም። ቡና ደግሞ የሚለቀመውና የሚደርቀው በበጋ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የገዛውን ቡና ወንዙ እስኪሞላ ድረስ ብዙ ወር ማስቀመጥ ነበረበት። ቡናውም፥ ቆዳውም፥ ሰሙም እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ያለ ወለል፥ ወፍራም ግድግዳ፥ የማያፈስ ጣራ ያለው ሰፊ መጋዘን ያስፈልግ ነበር። ከመንገዱ ወገን ሱቅ፥ ከኋላ መጋዘን፥ ከላይ ወይም ከጎን መኖሪያ የሆነ ቤት በእንዲህ ያለ ከተማ የሚሠራው ለጌጥ ሳይሆን የወንዙ ሥርዓት ስላስገደደ ነው።

ሁለተኛው አስገዳጅ ዝናቡ ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ እጅግ ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፥ በዓመት የሚዘንብባት ወደ ሁለት ሺህ ሚሊሜትር ይጠጋል። በዚህ ሀገር የጭቃ ግድግዳ ሳይጠበቅ ቢቀር ክረምትን አይሻገርም። ስለዚህ ጣራው ሾጣጣ፥ የጣራው ጫፍ ከግድግዳው ርቆ የወጣ፥ መሠረቱ ድንጋይ፥ በፊቱም በረንዳ ያለው ሆኖ ይሠራል። በረንዳው ግድግዳውን ከዝናብ ይከላከላል፤ ገበያተኛውም ዝናቡ እስኪያባራ ይጠለልበታል፤ እዚያው ቆሞ ሳለም ዋጋ ይጠይቃል። በጥንቱ የሣር ክዳን ፈንታ የቆርቆሮ ክዳን በመጣ ጊዜ መልኩ ተለወጠ፤ ቤቱም ክብነቱን ትቶ ባለ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ቆርቆሮ ለክብ ቤት አይመችምና።

ከጋምቤላ እስከ ጎሬ ያለው መንገድ ከባሮ ቆላ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ደጋ የሚወጣ ዳገት ነው። የከፍታው ልዩነት አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ነው። መኪና ከመምጣቱ በፊት ዕቃው ሁሉ በጋማ ከብትና በሰው ትከሻ ይጓዝ ነበር። ጨው፥ አቡጀዲ፥ የብረት ዕቃ ወደ ላይ ወጣ፤ ቡናና ሰም ወደ ታች ወረደ። በዚህም ንግድ ምክንያት ግሪኮች፥ ሶርያውያን፥ ሕንዶችና ሌሎችም ከሀገሬው ነጋዴ ጋር በጎሬ ተቀመጡ። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክም ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ነበረች። የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል በዚያ ተቀምጦ ነበር። ግቢ፥ ቤተ ክርስቲያን፥ ባንክ፥ ቆንስላ፥ መጋዘን፤ አንዲት የተራራ ከተማ ይህን ሁሉ መያዟ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረች ይመሰክራል።

ይህች ከተማ ግን የሚበልጠውን ክብር ያገኘችው በመከራ ጊዜ ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሀገር ሲሄዱ፥ ጠላትም አዲስ አበባ ሲገባ፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ስሙ እንዳይጠፋ በጎሬ ቆመ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የአስተዳደሩን ሥራ ያዙ፤ ልዑል ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደዚያ መጡ። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም በምዕራብ ተነሥቶ፥ በሰኔ ወር በነቀምት አጠገብ በቦነያ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አቃጠለ። እንግዲህ ለወራት ያህል የጎሬ መንገድ የአንዲት ነጻ ሀገር የመጨረሻ የመንግሥት አደባባይ ነበር ማለት ነው።

በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩ ወደ ደቡብ አፈግፍገው ከተዋጉ በኋላ በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤል ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ በማስተማራቸው ተይዘው በዚያው ዓመት በጎሬ ተገደሉ። የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት ሁሉ ሰው ያውቃል፤ የአቡነ ሚካኤል ግን እንደዚያ አልተነገረም። የጎሬ አሮጌ መንገድ ተጠብቆ እንዲቆይ ሌላ ምክንያት ባይኖር ይህ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሰማዕት የሞተበትን ምድር ማንም እንደ ተራ መሬት ሊቈጥረው አይገባምና።

በ1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆኖ በመጋቢት ጋምቤላን አስለቀቀ፤ በሰኔ መጨረሻም በሳዮ የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ። የጋምቤላም ጣቢያ ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ነገር ግን ንግዱ ከወንዙ ወደ መኪና መንገድ እየዞረ ሄደ፤ ቡናውም ወደ ምሥራቅ፥ በበደሌና በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጫን ጀመር። ወንዝ ያሳደገው ከተማ ወንዙ ሲተው ይደክማል። በደርግ ዘመንም የኢሉባቦር መቀመጫ ከጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ መቱ ተዛወረ። ዛሬ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም በመቱ ነው።

ይህን ያየ ሰው ጎሬን ያሳዝናት ይሆናል። ሆኖም የከተማ ዕድል ማነስ ለአሮጌ ቤት አንዳንድ ጊዜ ይበጀዋል። ገንዘብ በበዛበት ስፍራ አሮጌው ፈጥኖ ይፈርሳል፤ ገንዘብ ባነሰበት ግን የቀድሞው ቤት ይቆያል። የሚያስፈራው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ድህነት ያቆየውን ቤት ቸልተኝነት ሊጥለው፥ ወይም ሀብት ሲመጣ ሳይመረመር ሊፈርስ ይችላል። የእንግሊዝ ሰዎች በየመንደራቸው ዋና መንገድ ዳር ያሉትን ጥንታዊ ቤቶች በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1947 ዓ.ም. ሕግ ጀምሮ በመዝገብ እየጻፉ ይጠብቋቸዋል፤ ቤተ መንግሥቱን ብቻ ሳይሆን ዳቦ ቤቱንም ጠጅ ቤቱንም ይጽፋሉ። በእኛም ሀገር የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉ አለ ማለት ነው፤ የጎደለው የሚመዘግብ እጅ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ በየቤቱ ደጅ ቆመው ይጠይቁ፤ ማን ሠራው፥ እንጨቱ ከየት መጣ፥ በመጋዘኑ ምን ይቀመጥ ነበር፥ በጠላት ዘመን ማን ተሸሸገበት ብለው ይጻፉ። ጣራው የሚያፈስበትንም ባለቤቱ ሳይዘገይ ያድሰው፤ በኢሉባቦር ክረምት የአንድ ዓመት መዘግየት ቤት ያፈርሳልና። ከምናወርሳቸው ነገሮች አንዱ የገዛ መንገዳችን ታሪክ ይሁን።