ናይሮቢ መሬት ወይም ሱቅ ከመያዛችሁ በፊት ምን ታጣራላችሁ?

እኔ ካኩማ ካምፕ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛ ስለማነብ ጎረቤቶቼ ማታ ማታ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በቅርቡ የአንድ ተማሪዬ አባት ያመጡት ወረቀት ናይሮቢ ዳርቻ ስላለ መሬት ነበር። ልጃቸው ከውጭ የላከችውን ገንዘብ ለደላላ ሊከፍሉ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። ወረቀቱ ግን ታይትል ዲድ፣ ማለትም እኛ ካርታ የምንለው አልነበረም። የምደባ ደብዳቤ ነው። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ይጣራ" አልኳቸው። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ ጽፌዋለሁ።

1. የውጭ ዜጋ ምን መያዝ ይችላል?

በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 ኬንያዊ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ ነው ይላል። ጊዜው ከ99 ዓመት አይበልጥም። ውሉ ላይ "ለዘላለም" ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ሕጉ የሚቆጥረው 99 ዓመት ነው። "በኬንያዊ ጓደኛዬ ስም አስይዘዋለሁ" የሚባለውም መፍትሔ አይደለም። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሱ ነው፤ ቢክዳችሁ መከራው የእናንተ ነው። በከተማው ዳር ያለ ርካሽ መሬት ደግሞ በመዝገብ የእርሻ መሬት ሊሆን ይችላል። የእርሻ መሬት ሽያጭ ያለ መሬት ቁጥጥር ቦርድ ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ ለውጭ ዜጋ ደግሞ ልዩ ነፃነት ካልተሰጠው በቀር ቦርዱ አይፈቅድም።

2. ወረቀት አለ ማለት መሬት አለ ማለት አይደለም

በኖቬምበር 2011 ከጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ሲዮኪማው ላይ ብዙ ቤቶች በግሬደር ፈርሰዋል። መሬቱ የአየር ማረፊያው ነው ተባለ። ነዋሪዎቹ "ገዝተን ነው የሠራነው፣ ሰነድ አለን" ቢሉም አልዳኑም። በ2023 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ነገር አጸና። አንደኛ፣ መሬቱ መጀመሪያ የተሰጠው በሕገ ወጥ መንገድ ከሆነ፣ ሳያውቅ የገዛ ሰው እንኳ ካርታው አያድነውም። ሁለተኛ፣ የምደባ ደብዳቤ ብቻውን ባለቤት አያደርግም።

3. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

• በመሬቱ ቁጥር ኦፊሴላዊ የመዝገብ ፍለጋ አስደርጉ። በናይሮቢ ከ2021 ጀምሮ "አርዲሳሳ" በሚባለው የመንግሥት ሲስተም ይሠራል። ከካምፕ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ በጠበቃ ማስደረግ ይቀላል። የጠበቃውን ስም በኬንያ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አረጋግጡ።
• ፍለጋው ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ያሳያል። ከሻጩ መታወቂያ ጋር አስተያዩት።
• መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠይቁ።
• የቀያሽ ባለሙያ ድንበሩን ቦታው ድረስ ሄዶ ይይ።
• ውሉ በጽሑፍ፣ በሁለቱም ወገን ፊርማና በምስክር ይሁን። በቃል የተሸጠ መሬት ፍርድ ቤት አይቆምም።

4. ሱቅ ለምትከራዩ

ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የምትከራዩ፣ አከራዩ ባለቤት ነው ወይስ እሱም ተከራይ ነው? ይሄን ቀድማችሁ እወቁ። "ጉድዊል" ብላችሁ ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ። የጽሑፍ ውል ባይኖራችሁ ወይም ውሉ ከ5 ዓመት በታች ቢሆን ሕግ ይጠብቃችኋል። ኪራይ ለመጨመር ወይም ለማስወጣት አከራዩ ቢያንስ የ2 ወር ማስታወቂያ በሕጉ ፎርም መስጠት አለበት። ካልተስማማችሁ ጊዜው ሳያልፍ ለንግድ ቤቶች ኪራይ ትሪቡናል አመልክቱ። አከራዮችም ብትሆኑ ያው ነው፤ በራሳችሁ ቁልፍ መቀየር ያስከስሳችኋል።

አባትየው በመጨረሻ ፍለጋውን አስደረጉ። የመሬቱ ቁጥር የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነበር። ደላላው ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ገንዘቡ ግን አሁንም እጃቸው ላይ ነው።