ከአራዳ ቤቶች የወጡ አሮጌ የእንጨት ዕቃዎች

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ወራት፣ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ፣ ስለ ቤቶቹ ብዙ ተባለ፤ ብዙም ተጻፈ። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሰገነቱ፣ ስለ ሱቁ ደጃፍ የተነገረው ሁሉ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከቤት ጋር አብሮ የሚበተን፣ ማንም ግን የማይቆጥረው ሌላ ንብረት አለ፤ እርሱም በየቤቱ የኖረው ቁም ሣጥን፣ ቡፌ፣ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ነው። ቤት ቢፈርስ በካርታና በፎቶግራፍ ይቀራል። ቡፌ ግን መዝገብ የለውም። ባለቤቱ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ሰፊው ቁም ሣጥን በጠባቡ ደረጃ አልወጣ ካለ ለቆራሌው ይሸጣል፤ ከቆራሌው ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል፤ እዚያም ገዢ ካላገኘ ማጠፊያውና ቁልፉ ተነቅሎ ገላው ማገዶ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ከማገዶነት አድኖ የሚገዛ፣ በትርፍ ጊዜውም ጠግኖና አጽድቶ በቤቱ የሚያኖር ሰው ባለውለታ ነው። ሆኖም እድሳት ራሱ ሌላ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ዕቃው የሚናገረውን ሳያነብብ የሚፍቅ እጅ፣ ማገዶ ፈላጭ ካጠፋው የሚተርፈውን ያጠፋል። ስለዚህ ከመላጊያውና ከቫርኒሹ አስቀድሞ ታሪኩ ይቀድማል።

በኢትዮጵያ የቤት ዕቃ ከመገልገያነቱ ይልቅ በማዕረግነቱ የቆየ ነው። የዙፋን ተተኪ አልጋ ወራሽ ይባል ነበር፤ አልጋ መንግሥት ነበርና። በችሎት የሚያስችሉ ዳኞችም ወንበሮች ይባሉ ነበር። ጠረጴዛ የሚለው ቃል ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ጥንታዊ ቃል ሲሆን፣ ዕቃው ግን ለብዙ ዘመን ከቤተ ክህነትና ከቤተ መንግሥት እምብዛም አልራቀም። ተራው ሰው በመደብ ላይ ይቀመጥ፣ በበርጩማ ይገለገል ነበር፤ አቅም ያለው ደግሞ በጠፍር አልጋ ይተኛ ነበር። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለሦስት እግሩ የጅማ ወንበር አገሪቱ የራሷ የሆነ የእንጨት ጥበብ እንዳላት ያሳያል፤ ቁም ሣጥንና ቡፌ ግን የከተማ ልጆች ናቸው። የተወለዱትም በአራዳ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተተከለው የአራዳ ገበያ፣ ህንዶችን፣ አርመኖችንና ግሪኮችን በነጋዴነትም በእጅ ሥራ ባለሙያነትም ስቧል። የመሐመድ አሊን ኩባንያ የመሰሉ የህንድ የንግድ ቤቶች የውጭ ዕቃ ያቀርቡ ነበር። ከባሕር ወደብ እስከ አዲስ አበባ ግን መጓጓዣው ግመልና በቅሎ ነበር። በግመል ሁለት ጎን የማይንጠለጠል ዕቃ አይመጣም፤ ሙሉ ቁም ሣጥን በግመል አይጫንም። በዚህ ምክንያት ቀደምት የውጭ ዕቃዎች ተፈትተው የሚታሰሩ ዓይነቶች ነበሩ፤ የቀረው እዚሁ በባለሙያ እጅ ተሠራ። በኤውሮፓ ሚካኤል ቶኔት በእንፋሎት ከታጠፈ እንጨት የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1859 ለገበያ ያቀረበው ወንበር የዚህ ዓይነቱ ጭነት ዋና ምሳሌ ነው፤ ተፈትቶ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበርና። የታጠፈ እንጨት ወንበር ዓለምን ያዳረሰው በውበቱ ብቻ ሳይሆን በአጫጫኑ ጭምር ነው።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ወሰን ተነሣ። የብረት አልጋ፣ ትልቅ መስተዋት ያለው ቁም ሣጥን፣ እብነ በረድ የለበሰ ኮመዲኖ ከጅቡቲ በፉርጎ ተጭኖ ሊመጣ ቻለ። ሊመጣ የቻለውን ያየ የአገር ውስጥ አናጢም መምሰል ጀመረ። የአራዳ ዕቃ እውነተኛ መልክ የሚገኘው በዚህ መምሰል ውስጥ ነው። ቅርጹ የፓሪስ ወይም የቦምቤይ፣ እንጨቱ ግን ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ ይሆናል። አዲስ አበባን የሸፈናት ባሕር ዛፍ ለግንብና ለአጥር እንጂ ለዚህ ሥራ ብዙም አልተመቸም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ዋንዛ ግን ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ሲያረጅም ወደ ቀይ ቡኒ የሚጠቁር በመሆኑ የአናጢው ወዳጅ ሆነ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱን ለቅቀው ሲወጡ፣ የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ አራዳ ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። ከዚያ በፊት የነበረ የአራዳ ዕቃ ዛሬ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከእሳቱ የተረፈውም ባለቤት ለውጦ፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ተበትኖ ነው።

ኢጣልያውያን በያዟት አምስት ዓመት ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን መሠረቱ፤ አራዳ ላይም ፒያሳ የሚለውን ስም ጣሉ። በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆኑ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ቢመለሱም፣ ከባለሙያዎቹ የቀሩ ነበሩ፤ ወርክሾፖችም ቀጠሉ። የዚያን ትምህርት ቤት ታሪክ የሚመሰክረው የአናጢው አፍ ነው። ኮምፔንሳቶ፣ ሞራሌ፣ ኮመዲኖ ሁሉም ኢጣልያንኛ ናቸው። ብርጭቆ ወረቀት የሚለውም ስም ካርታ ቬትራታ ከሚለው የኢጣልያንኛ ስያሜ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። አገሩን የወረረው ሄደ፤ የአናጢ ቤቱ ቋንቋ ግን ቀረ። የዘመኑ ዕቃ ጌጥ የተቀነሰለት፣ ማዕዘኑ የተድበለበለ፣ ፊቱ በስስ የእንጨት ልባጥ የተሸፈነ ነው። ከልባጡ ሥር ርካሽ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ቢገኝ ማታለል አይደለም፤ የዘመኑ አሠራር ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ሰፋፊ ቤቶች በክፍል ተከፋፈሉ። ለሰፊ ሳሎን የተሠራ ቡፌ በአንዲት ክፍል ውስጥ ምግብ ቤትም፣ መጋረጃም፣ የዕቃ ግምጃ ቤትም ሆነ። ከውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ አገሩን ለቅቀው ሲሄዱ ዕቃቸውን ሸጠው ወይም ትተው ነበርና፣ የግሪክና የአርመን ቤት ዕቃ በቀበሌ ቤት ውስጥ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም። እግሩ ያጠረ ወይም ጉልላቱ በመጋዝ የተቆረጠ ቁም ሣጥን ያጋጠመው ሰው፣ ጉድለቱን ከመሙላቱ በፊት የትኛው ዝቅተኛ ጣሪያ እንዲህ እንዳደረገው ቢጠይቅ ይበጃል። ቁርጡ የአዋጁ ዘመን ፊርማ ሊሆን ይችላልና።

አሮጌ ቡፌ ሲያገኝ ያልለመደ ሰው ፊቱን ያያል፤ የለመደ ግን መሳቢያውን አውጥቶ ይገለብጠዋል። ታሪክ የሚገኘው ቫርኒሽ ባልደረሰበት ጎን ነው። የመጋዙ መስመር ወጣ ገባ ከሆነ በእጅ የተሰነጠቀ ነው፤ መስመሩ እንደ ቅስት ከጎበጠ የክብ መጋዝ ሥራ ነው። በመሳቢያው ማዕዘን ላይ እንደ ጣት የሚጠላለፉት ጥርሶች አንዱ ከሌላው የሚለያዩ ከሆነ አናጢው በመሮ ቆርጧቸዋል። የቪቲው አናት ባለ አንድ ሰረዝ ከሆነ ዕቃው አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ መስቀል አፍ ከሆነ ግን ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ የመጣ ስለሆነ፣ ወይ ዕቃው ከዚያ በኋላ ተሠርቷል ወይም በኋላ ተጠግኗል። ጀርባው የጽድ ሣንቃ ከሆነ በጥፍር ቢጫር ሽታው ይነግራል።

አየሩም የራሱን ይጽፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በጋዋ ረጅምና ደረቅ ነው። በባሕር ጠረፍ እርጥበት የኖረ እንጨት እዚህ ሲደርስ ይሟሽሻል፤ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ገበታው ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በኮላ አጣብቆ በማጥበቂያ ማስጨነቅ ብዙ ጊዜ ጎኑን ሌላ ስንጥቅ ያወጣል፤ እንጨቱ በክረምት የሚያብጥበት በበጋም የሚጠብበት ቦታ ይፈልጋልና።

በማጣበቂያ ረገድ የቀድሞዎቹ ብልኆች ነበሩ። ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልሳል፤ የላላውን ወንበር እግር ሳይሰብሩ ፈትቶ እንደገና ለመግጠም ያስችላል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ነጩ ኮላ በአሮጌው ሙጫ ላይ ደኅና አይዝም፤ ከያዘም አይለቅም። ጠጋኙ አሮጌውን ሙጫ በሞቀ ውኃ ማጽዳት አለበት፤ ቢቻል በዚያው ዓይነት ሙጫ መልሶ ቢገጥም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ ያዝናል።

ትልቁ ክርክር በፊቱ ላይ ነው። የከተማው ልማድ ለበዓል ቤቱን መቀባት፣ ዕቃውንም አዲስ ቫርኒሽ ማልበስ ስለሆነ፣ በአንድ ቡፌ ላይ የብዙ በዓላት ሽፋን ተደራርቦ ሊገኝ ይችላል። በላዩ ደግሞ የቡና ከሰል ጢስና ዕጣን ያነጠፉት ጥቁር ስስ ቅባት አለ። ይህን ቅባት የእንጨቱ ቀለም አድርጎ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው። በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት የሳሙና ውኃ ብቻ ሲጠረግ፣ ጠቁሮ የተናቀው ዕቃ መልኩ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራም ላያስፈልገው ይችላል።

ሽፋኑ መለየት ካስፈለገ በማይታይ ጎን ጥቂት አልኮል ይነካል። ከለሰለሰ ሸላክ ነው፤ ይኸውም ከነፍሳት የሚገኘው ጥንታዊ ሙጫ ነው። አልኮል ሳይነካው ቲነር ካሟሟው የናይትሮ ቫርኒሽ መሆኑ ነው። ሁለቱም ካልነኩት የቅርብ ዘመን ሽፋን ሊሆን ይችላል። ይህ ትንሽ ፈተና ብዙ ድካም ያድናል፤ ሸላክ በሸላክ ላይ ሲቀባ አዲሱ አሮጌውን አሟሙቶ አንድ ይሆናልና፣ የተሰነጣጠቀውን ፊት ሳይፍቁ ማዳን ይቻላል። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ መፋቂያ የያዘ ትዕግሥት የለሽ እጅ ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጠውን ልባጥ በቅጽበት ቀድዶ ከሥሩ ያለውን ኮምፔንሳቶ ያወጣል። ያ ከሆነ በኋላ መመለሻ የለም። በዋንዛም ላይ ቢሆን፣ ብርሃንና ዘመን ያጠቆሩት ስስ ቆዳ ከተፋቀ የሚወጣው ትናንት ከመጋዝ የወረደ የሚመስል እንጨት ነው፤ ለዚያስ አዲስ መግዛት ይሻል ነበር። የዘይት ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የድሮ ቀለም የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ አደጋ ነው።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጊዜው ጠባብ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሣበት የጃዛምባ አዳራሽ ወድሟል። የአራዳ ቤት ብዙው እንጨት ነው፤ እሳት ሲመጣ ቤትና ዕቃ አይለይም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ቢከለክልም፣ ሕጉ የሚጠብቀው ቅርስ ተብሎ የታወቀውን ነው፤ የአንድ ጡረተኛ ቡፌ ቅርስ ነው ብሎ የሚመዘግበው ማነው?

በሌላ ወገን መልካም ምሳሌ አልታጣም። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት፣ እድሳቱ በሕንፃው ብቻ አልተወሰነም፤ የመጀመሪያዎቹ የቤት ዕቃዎችም ተጠግነው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። በእርግጥ ያ ሥራ ገንዘብም፣ ፕላንም፣ ፎቶግራፍም ነበረው። የአራዳው ቡፌ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ቢሆንም ትንሽ መዝገብ ብዙ አይጠይቅም፤ ከየትኛው ሰፈርና ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ መገጣጠሚያው እንዴት እንደተሠራ፣ ከእድሳት በፊት ፊቱም ጀርባውም ምን ይመስል እንደነበር ማቆየት ይበቃል። ፎቶግራፉ ሊጠፋ ስለሚችል ዋናው ነገር ከዕቃው ጋር ቢሄድ ይሻላል። የሰፈሩን ስምና ዕቃው የወጣበትን ዓመተ ምሕረት በመሳቢያው ሥር በእርሳስ መጻፍ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።