የኢ3 አሸናፊ ክርክር

የኢ3 አሸናፊ ክርክር በአብዛኛው በሎስ አንጀለስ ይካሄድ በነበረው ኢ3 የተሰኘ የቪዲዮ ጌም የንግድ ትርዒት ላይ የትኛው ኩባንያ የላቀ ዝግጅት አቀረበ በሚል በተጫዋቾችና በጋዜጠኞች መካከል ይነሣ የነበረ ሙግት ነው። ይፋዊ ዳኛ አልነበረውም፤ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሰጥ የነበረው የተቺዎች ሽልማትም የሚመዝነው ጌሞችን እንጂ ኩባንያዎችን አልነበረም።

ዋጋ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ትርዒት፣ በ1995፣ ሴጋ ሳተርን የተባለውን ኮንሶሉን በ399 ዶላር ለገበያ ማቅረቡን አበሠረ። በዚያው ዕለት የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጥቶ የፕሌይስቴሽንን ዋጋ፣ «299» ብሎ ብቻ ተናግሮ ወረደ። በ2013ም ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን በ499 ዶላር፣ ያገለገሉ ጌሞችን ከሚገድብ ደንብ ጋር ሲያቀርብ፣ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን ያለ ገደብ በ399 ዶላር አስተዋወቀ። ብዙዎች ድሉን ለሶኒ ሰጡ፤ ማይክሮሶፍትም በቀናት ውስጥ ደንቡን ሻረ።

ሌላው መመዘኛ የጌሞቹ ዝርዝር ሲሆን፣ አከራካሪ የሚያደርገው ከመድረክ እስከ ገበያ ያለው ርቀት ነው። ሶኒ በ2015 ካስጨበጨበባቸው መካከል «ዘ ላስት ጋርዲያን» በ2016፣ «ሸንሙ 3» በ2019፣ የ«ፋይናል ፋንታሲ 7» ዳግም ሥሪት ደግሞ በ2020 ለገበያ ቀረቡ።

ኒንቴንዶ ከ2013 ጀምሮ የመድረክ መግለጫውን በቪዲዮ ሥርጭት ተካ፤ ሶኒም በ2019 ከትርዒቱ ቀረ። ኢ3 በታኅሣሥ 2023 በይፋ ሲያበቃ ክርክሩ ወደ ኩባንያዎቹ የየራስ ሥርጭት ተሸጋገረ።