በስም ብንፈልግ የማናገኛቸው ሰዎች

አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ጋ ሽፋኑ የተገነጠለ የስልክ ማውጫ አገኘሁ። የጃንሆይ ዘመን ነው። ዋጋ ተከራክሬ ገዛሁትና ማታ ቤት ቁጭ ብዬ የወንድ አያቴን ስም ፈለግኩ። የለም። አጻጻፉ ተለውጦ ይሆናል ብዬ በሌላ ፊደልም ሞከርኩ። የለም።

በማግስቱ ለእማማ፣ ለሴት አያቴ፣ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «አናጢ ምን ስልክ አለው? ስልክ የነበራቸው አከራያችን ናቸው። ሰው ሲፈልገን እሳቸው ጋ ይደወላል፣ ሠራተኛቸው መጥታ ትጠራናለች።»

ቤቱ ከባምቢስ አለፍ ብሎ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ነበር። የአከራዩን ስም ከእማማ ተቀብዬ ማውጫውን ገለጥኩ። አሉ! ስም፣ ሰፈር፣ የስልክ ቁጥር። አያቴ ስንት ዓመት የኖረበት ግቢ በአንድ መስመር፣ በሌላ ሰው ስም ተጽፏል።

የቤተሰብን ታሪክ በማውጫ መፈለግ በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። ለንደን የነጋዴዎቿን ስምና አድራሻ የያዘ ማውጫ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1677 ነው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች በየጊዜው ያሳተሟቸው ማውጫዎች ዛሬ ለዘር ቆጣሪዎች ሲሳይ ሆነዋል። ፈላጊው የሚይዘው ክር የቤተሰብ ስም ነው። ስሙን በአንዱ ዓመት ማውጫ አንድ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በታተመው ደግሞ ያው ስም፣ ልጁ ተጨምሮ፣ ሌላ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል።

እኛ ጋ ክሩ በየትውልዱ ይበጠሳል። የኢትዮጵያ የስልክ ማውጫ የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ለምሳሌ አበበ ከበደ የሚባል ሰው «አ» ላይ ይገኛል። ልጁ ተስፋዬ አበበ «ተ» ላይ ነው። የልጅ ልጁ ሰናይት ተስፋዬ «ሰ» ላይ ናት። ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ገጽ፣ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ተስፋዬ የአበበ ልጅ መሆኑን ብታዩም የትኛው አበበ እንደሆነ ማውጫው አይነግራችሁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ነበር፤ ግን አልያዘልንም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብን የሚመለከተው ክፍልም በዚያው ሕግ ሥራ ላይ እንዳይውል ታገደ። በአገር ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ የአያቶቻችንን ልደት የመዘገበ መሥሪያ ቤት ፍለጋ አትድከሙ።

በላዩ ላይ የፊደል ጣጣ አለ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። ሰውየው አንድ ነው፣ ገጹ ግን ይለያያል። የክርስትና መዝገብ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ አበበ የሚባለው እዚያ ወልደ ማርያም ነው። የክርስትና ስሙን ካላወቃችሁ መዝገቡ ፊታችሁ ተዘርግቶም አታገኙትም።

አንድ ነገር ግን ይካሰናል። እንግሊዝ አገር ሴት ስታገባ ስሟ በባሏ ስም ይዋጣል፣ ፈላጊውም እዚያ ላይ ይጠፋበታል። እኛ ጋ ያገባችም የፈታችም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። ችግሩ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ በባልየው ስም መሆኑ ነው።

ታዲያ በስም ካልሆነ በምን እንፈልግ? በቦታ። ቦታውም የራሱ ስውር ማውጫ አለው። ካዛንቺስ «ካዛ ኢንቺስ» ነው፤ ካዛ በጣሊያንኛ ቤት፣ ኢንቺስ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምህጻረ ቃል። ባምቢስ የግሪክ ስም ነው፤ ሃራላምቦስ የተባለ ሰው በቁልምጫ ባምቢስ ይባላል። ሰፈሩ የሱፐርማርኬቱን ስም ወረሰ። እኛም አበራሽን አቡ እንደምንለው ማለት ነው። በቁልምጫ ስም የሚጠራን ሰው ደግሞ የትኛውም ማውጫ ላይ አታገኙትም።

ግሪኮችን ካነሳን አይቀር፣ አዲስ አበባ ለከተማ ማውጫ የሚቀርብ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አላት። አድሪያን ዜርቮስ የሚባል እዚሁ የኖረ ግሪካዊ በፈረንሳይኛ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1936 እስክንድርያ የታተመ ነው። ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ሕንዱን ከነሙያው ይዟል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። መጽሐፉ የዘረዘራት አዲስ አበባ በታተመበት ዓመት ፈረሰች ማለት ይቻላል። የዚያን ጊዜ አርመን ሰዓት ሠሪ የልጅ ልጅ ቅድመ አያቱን የማግኘት ዕድል አለው። የአናጢው የልጅ ልጅ፣ እኔ፣ እዚያም የለኝም።

እኔ የሚመለከተኝ ማውጫ የእድር መዝገብ ነበር። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የእድር መዝገብ ለታሪክ ተብሎ አይጻፍም፤ ለገንዘብ ነው። ሰው ሲሞት ለማን ስንት እንደሚከፈልና ድንኳን ለማን እንደሚተከል ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አባሉ ሲመዘገብ እናቱን፣ አባቱን፣ የሚስቱን ወላጆች፣ ልጆቹን፣ ብዙ ጊዜም እህት ወንድሞቹን ያስጽፋል። ስልክ ቢኖረው ባይኖረው፣ ቤቱ የራሱ ቢሆን የኪራይ፣ መዝገቡ ደንታ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የቀበሌ ፋይል መጣ፤ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር ያለው ጥሩ ሰነድ ነው። ግን ቀበሌው ከሌላ ይቀላቀላል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ወረዳ ይሆናል። እድሩ ግን ያው እድር ነው። ነበር ልበል።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ሰዉ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተበተነ። የእኛ እድር ጸሐፊም ገላን ጉራ ወረዱ። መዝገቡን ከዕቃቸው ጋር፣ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት ሄደዋል።

ሄጄ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ፎቶ ብቻ ላንሳው።»

«አንሳው ልጄ። ከኔ በኋላ ማን እንደሚይዘው እንጃ።»

አያቴ ገጹ ላይ ነበር። የአባቱን ስም አውቀዋለሁ፤ ስሜን ስጽፍ ሁልጊዜ ሦስተኛ ላይ ከሚመጣው ቀጥሎ ያለው ነው። ከሥሩ ግን «እናት» ይላል፣ የሴት ስም አለ፣ አጠገቡ «ቡልጋ»። ቅድመ አያቴ ናት። እኛ ቤት ማንም ጠርቷት አያውቅም። ስማችን ከአባት ወደ አባት ስለሚሄድ እናቶች ለመቆም ቦታ የላቸውም። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተከፍሏል» ተብሎ ቀን ተጽፏል። እድሩ ድንኳን ተክሎላታል። እሷ በዚህች ከተማ ለመኖሯ ከዚህ መስመር ሌላ ወረቀት አላገኘሁም።

ፎቶውን ለእማማ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቆየችበት።

«እሳቸውን እኮ የቀበርናቸው እኛ ነን» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ ሳልጠይቃት ቀጠለች። ከአከራዩ በር ጀምራ በግቢው የነበሩትን በተራ፣ በር በበር፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ትቆጥር ጀመር። ስልኬን አወጣሁና መቅዳት ጀመርኩ።