አራት አጫጭር ተውኔቶችና አንድ የማይፈለግ ቋንቋ

ተማሪ ሳለሁ አንዲት የግማሽ ሰዓት ተውኔት ለማዘጋጀት ተነሥቼ ነበር። ተዋንያኑ አራት የክፍል ጓደኞቼ፣ መድረኩ የመማሪያ ክፍል፣ መጋረጃው ከቤት የተዋስነው የአልጋ ልብስ ነበር። ጽሑፏ «ትታይ» ተብላ ወደ አንድ ቢሮ ሄደች፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠች ዓመቱ አለቀ። «ተከልክላለች» ያለኝ ሰው የለም። ስለ ተውኔቷ ማዘን ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄው ግን አልተወኝም። ሠላሳ ሰው ብቻ የሚያየውን የተማሪዎች ሥራ ባለሥልጣን ስለ ምን ይፈራዋል?

ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ወደ ሞስኮ ታሪክ እመለሳለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስታኒስላቭስኪ በ1912 ከታላቁ የሞስኮ አርት ቴአትር ጎን አንድ ስቱዲዮ አቋቋመ። በዚያ ወጣቶቹ መተወን ብቻ ሳይሆን ማዘጋጀትም ተፈቀደላቸው። በ1913 የመጀመሪያውን ተውኔት ያዘጋጀው ቦሌስላቭስኪ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያው ዓመት የቭላዲካቭካዙ አርመናዊ ቫክታንጎቭ የሃውፕትማንን ተውኔት አዘጋጀ፤ መምህሩ ግን አልወደደለትም። በ1914 ቫክታንጎቭ ከስቱዲዮው ውጭ ካሉ ተማሪዎች ጋር የዛይትሴቭን «የላኒን ርስት» ሲያሳይ ውድቀቱ የጋዜጦች መሳለቂያ ሆነ፤ ስታኒስላቭስኪም በውጭ እንዳይሠራ ከለከለው። ተማሪዎቹ አልተበተኑም። በማንሱሮቭ ሰፈር አንድ ጠባብ ቤት ተከራይተው፣ የመምህራቸውን ስም ደብቀው ልምምዳቸውን ቀጠሉ። ስታኒስላቭስኪን ከሚያከብሩት አንዱ ነኝ፤ ነገር ግን ታላላቅ መምህራንም የሳንሱር ሹም ጠባይ እንደሚያድርባቸው ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ በ1917 ናሁም ጼማክና ጓደኞቹ፣ ሐና ሮቪናም ከእነርሱ ጋር፣ በሞስኮ «ሀቢማ» የተባለ የዕብራይስጥ የቴአትር ስቱዲዮ አቆሙ። ቃሉ በዕብራይስጥ «መድረክ» ማለት ነው። የነገሩን ክብደት ለመረዳት አንባቢ ግዕዝን ያስብ፤ በቅዳሴና በብራና የሚያውቀውን ቋንቋ ድንገት በመድረክ ላይ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁበት ቢሰማ ምን ይላል? በሩሲያ የነበሩት አይሁድ በቤታቸው የሚነጋገሩት በአብዛኛው በይዲሽ ነበር። ስታኒስላቭስኪ እነዚህን ጀማሪዎች እንዲያስተምር የላከላቸው ያንኑ የከለከለውን ቫክታንጎቭን ነው፤ እርሱም ከዕብራይስጥ አንዲት ቃል አያውቅም። እንዲህም ሆኖ በጥቅምት 1918 «የመጀመሪያው ምሽት» የተባለው ዝግጅት ቀረበ፤ በአንድ ምሽት አራት አጫጭር ተውኔቶች፤ የአሽ፣ የፔሬትዝ፣ የካትዜኔልሰንና የቤርኮቪትስ። አጭር ተውኔት የመረጡት ስለ ልኩ ይመስለኛል። ጀማሪ ተዋናይ አንድ ሰዓት ሊሸከም አይችልም፤ ሃያ ደቂቃ ግን ይሸከማል።

ጠላቱ ከሩቅ አልመጣም። የኮሚኒስት ፓርቲው የአይሁድ ክፍል፣ በሩሲያኛ አጠራሩ ዬቭሴክትሲያ፣ ዕብራይስጥን የቡርዧና የቀሳውስት ቋንቋ ብሎ ፈርጆ፣ የሠርቶ አደሩ ቋንቋ ይዲሽ ነውና ለሀቢማ የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ይቁም አለ። ስታኒስላቭስኪን ጨምሮ የታወቁ የጥበብ ሰዎች በ1920 አቤቱታ ፈረሙ። ድጎማው እንዲቀጥል ያደረገው የብሔረሰቦች ጉዳይ ኮሚሳር ማን እንደነበር አንባቢ ይገምት፤ ስታሊን ነበር! ይህን እንደ ቸርነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። በአንድ ሰው ፊርማ የተረፈ ቴአትር ሌላ ፊርማ እስኪመጣ ነው የሚቆየው።

በዚያ ዘመን ገደማ፣ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት፣ ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንስሳትን እያናገሩ የጻፉት ተውኔት አዲስ አበባ ላይ ታይቶ መታገዱን እግረ መንገዴን ላስታውስ። በሞስኮ ቋንቋው ከሰሰ፤ በእኛ አገር አራዊቱ።

በጥር 1922 ሀቢማ ቢያሊክ ወደ ዕብራይስጥ የመለሰውን የአንስኪን «ዲቡክ» አሳየ። ቫክታንጎቭ በጠና ታሞ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግንቦት በ39 ዓመቱ ሞተ። በ1926 ተማሪዎቹ ለጉብኝት ብለው ከሶቪየት ምድር ወጡ፤ እንደ ቡድን አልተመለሱም። በመጨረሻ ቴል አቪቭ ሰፈሩ፤ በ1958ም ሀቢማ የእስራኤል ብሔራዊ ቴአትር ተባለ።

የከሰሷቸውስ? የአይሁድ ክፍሉ በ1930 ፈረሰ፤ መሪ የነበረው ዲማንሽታይን በ1938 ተረሸነ። የሞስኮው የይዲሽ ቴአትር መሪ ሚኮኤልስ በጥር 1948 ሚንስክ ላይ በስታሊን ትእዛዝ ተገደለ፤ አሟሟቱም የመኪና አደጋ ተባለ። ቴአትሩ ደግሞ በ1949 ተዘጋ።