ያልጠፉት ልጆች

ከአገሬ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም፣ አማርኛ ካልጠበቅሁት አፍ ሲወጣ ስሰማ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል። በ2001 መጨረሻ ላይ (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዘመኑን የምጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ፣ ሌሊት ሌሊት ሣጥን በምንደረድርበት መጋዘን፣ አንድ ቁመቱ የረዘመ የደቡብ ሱዳን ወጣት ተቀጥሮ መጣ። ከየት እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ተሰለፍ!» አለኝ። ቀጠለና፣ «ቁጭ በል። ቆይ። ሂድ። ነገ ና። ዱቄት።» ሁለታችንም ከልባችን ሳቅን። ጧት ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳሰላስለው ግን ሳቁ ከእኔ ጋር አልነበረም። አራት ዓመት በአገራችን ምድር ያደገ ልጅ ከቋንቋችን ይዞት የወጣው ትእዛዝና አንድ የእህል ስም ብቻ ነበር። «እባክህ» እንኳ አልነበረበትም።

ወጣቱ፣ አሜሪካ በ2000 እና በ2001 ተቀብላ ካሰፈረቻቸው 3,800 ያህል የሱዳን ልጆች አንዱ ነው። ዓለም «የጠፉት ልጆች» እያለ ይጠራቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው የእርዳታ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ሲሆኑ፣ የተዋሱትም ከፒተር ፓን ተረት፣ ማደግን ከማያውቁት ልጆች ነው። ስሙ ያምራል፤ ፊልምም መጽሐፍም ወጥቶበታል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ይከነክነኛል። የጠፋ ነገር ያለበት አይታወቅም። እነዚህ ልጆች ግን ከ1987 እስከ 1991 ያሉበት በደንብ ይታወቅ ነበር፤ ጋምቤላ ውስጥ፣ በጊሎ ወንዝ ዳር፣ ፑኝዶ በተባለ ስፍራ። በመዝገብ ሰፍረው፣ ተቈጥረው፣ ራሽን ተሰፍሮላቸው ነበር። ከእናታቸው እንጂ ከመንግሥትም፣ ከጦርም፣ ከእርዳታ ድርጅትም የጠፉበት ቀን አልነበረም።

ስለ ጋምቤላ የምናገረው ሁሉ በወሬ የያዝሁት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ለሰፈራው ዘመቻ ጎጆ እንድንሠራ ከተላክነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ነበርሁ። ሙቀቱንና ወባውን እናማርር ነበር። ሌሊት ሌሊት በኢታንግ መንገድ ሰው የጫኑ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ እንሰማለን፤ ጧት ደግሞ የእኛን ያልሆነ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች በገበያው ሲዘዋወሩ እናያለን። እነማን እንደ ሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጠየቀ ግን አልነበረም። አለመጠየቅ በዚያ ዘመን አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር፤ በሚገባ ተምረነዋል።

ሰዎቹ በ1983 ከቦሩ የወታደሮች ዐመፅ በኋላ በጆን ጋራንግ መሪነት የተቋቋመው የሱዳን ሕዝብ ነጻነት ጦር አባሎች ናቸው። ካርቱም የኤርትራንና የትግራይን ታጣቂዎች ስታስጠጋ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለጋራንግ የማሠልጠኛ ሰፈር፣ መሣሪያና ራዲዮ ጣቢያ ሰጠችው። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው በሚለው አሮጌ ስሌት ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ቤት ያቃጥሉ ነበር። ልጆቹ ወደዚህ ስሌት የገቡት ከብት ሲጠብቁ ነው። ካርቱም ያስታጠቀቻቸው ሚሊሺያዎች የዲንቃን መንደር እየከበቡ ሲያቃጥሉ፣ ከብቱን ሲነዱ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ለባርነት ሲወስዱ፣ ወንዶቹ ልጆች ብዙ ጊዜ ከመንደሩ ርቀው ከከብቱ ጋር ነበሩ። የተረፉትም ስለዚህ ነው። ጢሱን አይተው ወደ ምሥራቅ ተጓዙ፤ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው፣ ቅጠል እየበሉ፣ የሞተውን መንገድ ላይ እየተዉ። ሁሉም ግን እንዲህ አልመጣም። ትምህርት ቤት አለ ተብሎ ወላጅ የላከው፣ ጦሩ ራሱ ሰብስቦ ያመጣውም ብዙ ነበር።

በኢትዮጵያ ጣቢያዎች የነበሩት ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ 17 ሺህ ያህል እንደ ነበሩ ይገመታል። መጀመሪያ ፑኝዶ የደረሱት አጥንታቸው ተቈጥሮ ነበር። ኩፍኝና ተቅማጥ ገባባቸውና ትልቁ ልጅ ትንሹን ቀበረ። ቀስ በቀስ የተባበሩት መንግሥታት እህል፣ ዘይትና ሸራ ደረሰ። ልጆቹ እንጨትና ሣር እያመጡ የራሳቸውን ጎጆ ሠሩ፤ በየቡድን ተከፍለው አሳዳጊና አስተማሪ ተመደበላቸው፤ ከዛፍ ሥር በአፈር ላይ በጣታቸው ፊደል ጻፉ። የስዊድኑ የሕፃናት አድን ድርጅት፣ ሬዳ ባርነን፣ ልጆቹን የሚመለከት ሥራ ይሠራ ነበር። ይህ እርዳታ ባይኖር የመጋዘኑ ባልደረባዬ ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ አንባቢ ይህን ሳይረሳ እንዲያነብልኝ እለምናለሁ።

ችግሩ አሳዳጊ የተባሉት እነማን እንደ ነበሩ ነው። የጣቢያውን ውስጣዊ ሥርዓት የያዙት የጋራንግ ጦር ሰዎች ነበሩ። እህሉ የሚመጣው በተመዘገበ ራስ ቍጥር ስለ ሆነ፣ ልጅ በበዛ ቍጥር ጆንያው ይበዛል፤ ከጆንያውም ከፊሉ ወደ ጦር ሰፈር ይሄዳል። ልጆቹም ራሳቸው ይሄዱ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ለሥልጠና ይወሰዳሉ፤ «ቀይ ጦር» የሚል ስምም ነበራቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1994 ባወጣው ዘገባ ይህን በዝርዝር አስፍሮታል። ባልደረባዬን ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄው፣ «እንጨት ጠመንጃ ነበረኝ» አለኝ። ስለ ብረቱ አላነሣም፤ እኔም አልደገምሁ።

እህሉን የሚሰፍሩት የውጭ ሰዎች ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል። ጆንያውን ቢያቆሙት የሚራበው ልጁ ነው፤ ቢቀጥሉበት የሚጠግበው ጦሩም ጭምር ነው። በዚህ መካከል የቆመ ሰው ላይ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ይቀላል፤ እኔ አልፈርድበትም። የምፈርደው በዝምታው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውም ዝምታ የውጭ ሰው ሳይሆን የእኛ ነበር። ጣቢያው በኢትዮጵያ አፈር ላይ ነው፤ ሥልጠናውም በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ነው። ያው መንግሥት በኦጋዴን ጦርነት ላለቁት ዜጎቹ ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን ያቋቋመ፣ ሌሎችን ወደ ኩባ ልኮ ያስተማረ ነው። ወላጅ አልባ ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው የማያውቅ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በውጊያ እንዳይሳተፍ የሚከለክለውን የሕፃናት መብት ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው የሄዱት ግንቦት 13 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው አንድ ሳምንት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኛ ኢትዮጵያውያን ጨርሶ አንተርከውም። ግንቦት 20ን አንዱ እንደ ድል፣ ሌላው እንደ ውድቀት ያስታውሰዋል፤ ክርክሩ በዲያስፖራው ጠረጴዛ ዙሪያ ሌሊት ያሳድረናል። በዚያው ሰሞን በምዕራቡ ጫፍ ኢታንግ፣ ፑኝዶና ዲማ ባዶ ይሆኑ ነበር። መዝገቡ፣ ምንም የተጋነነ ቢሆን፣ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኛ ይል ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሸሸው ጦርነት ተመለሰ። የጋራንግ ጦር ከደርግ ጎን ተሰልፎ ስለ ተዋጋ አዲሶቹ ባለሥልጣኖች እንደ ጠላት ያዩት ነበር። በአካባቢው ያለው የአኙዋ ሕዝብም ጦሩ በገዛ መሬቱ ላይ እንደ ገዢ ስለ ኖረበት ቂም ነበረው፤ ቂሙም ያለ ምክንያት አልነበረም። የዚህ ሁሉ ዕዳ ከፋይ ግን በመጨረሻ ልጆቹ ሆኑ።

ዝናቡ ገብቶ ጊሎ ሞልቷል። ልጆቹ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከኋላቸው ተኩስ ተከፈተ። አብዛኞቹ ዋና አያውቁም። የተረፉት የሚናገሩት ተመሳሳይ ነው፤ ጥይቱ፣ ጎርፉ፣ አዞው፣ እርስ በርስ ተያይዘው የሰመጡት። ባልደረባዬ የተሻገረው የአንድ ትልቅ ልጅ ሸሚዝ ይዞ ነው። ማዶ ሲወጣ ሸሚዙ እጁ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ አልነገረኝም።

ከወንዙ ማዶ ፖቻላ ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል እዚያ እህል አደረሰላቸው። በ1992 የካርቱም ጦር ሲቃረብ እንደ ገና ተነሥተው በደረቁ ምድር ወደ ደቡብ ተጓዙ፤ በዚያው ዓመት ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሎኪቾጊዮ በኩል ኬንያ ገቡ። ከዚያ ካኩማ፤ ከዚያ ለብዙዎቹ ዘጠኝ ዓመት በአቧራ።

አንባቢ ልብ ብሎ እንደ ሆነ፣ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ወንዶች ልጆች ብቻ ነው። ሴቶች ልጆችም ነበሩ። እነርሱ ካኩማ ሲደርሱ በባህሉ መሠረት ለቤተሰብ ተሰጡ፤ ቤት ጠረጉ፣ ውሃ ቀዱ፣ ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ተዳሩ። አሜሪካ ያለ ወላጅ ያሉትን አቅርቡልኝ ስትል፣ በመዝገቡ ላይ «ቤተሰብ አላቸው» ተብለው ነበርና ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ከመቶ አይሞሉም። የጠፉ ካሉ እነርሱ ናቸው፤ የጠፉትም እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው።

መዝገቡ ሌላም ነገር አድርጓል። የተወለዱበትን ቀን ለማያውቁት፣ ዓመቱ በግምት፣ ቀኑ ደግሞ ለሁሉም ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጻፈላቸው። በእኛ ከተማ ያሉት በዓመቱ መጀመሪያ ቀን አንድ አዳራሽ ተከራይተው ልደታቸውን ባንድነት ያከብራሉ። በ2012፣ ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣች በስድስተኛው ወር፣ በዓሉ ከሁሉ የደመቀ ነበር፤ ባንዲራው ተሰቅሎ፣ ሊመለሱ ያሰቡት ትኬት እያወሩ። በ2014 ስሄድ ጦርነቱ እንደ ገና ከተቀሰቀሰ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር፤ ዲንቃውና ኑዌሩ በተለያየ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን ያያሉ። ከአገራቸው የሚሸሸው ሕዝብ ድንበር እየተሻገረ ጋምቤላ መግባት ጀምሯል።

ባልደረባዬ፣ አሁን ፂሙ ሸብቶ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ለምግቡ የቆመውን ሰው አልፎ ወደ እኔ መጣና ትከሻዬን ይዞ ወደ ፊት ገፋኝ።

«ጋሼ፣ አንተ አትሰለፍም» አለኝ፣ በአማርኛ።